የጃርት ሰፈር አቀማመጥ

ከወይናምባ መናኸሪያ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ድልድዩ የሚወርድ መንገደኛ፣ ድልድዩን ሳይሻገር በስተግራው ሰባ ሰማንያ የሚሆኑ ቤቶች በቆርቆሮ አጥር ተያይዘው ያገኛል። ይህ ሰፈር ጃርት ሰፈር ይባላል። የባጃጅ ነጂዎች «ጃርት፣ ጃርት፣ አንድ ሰው ብቻ» እያሉ ይጣራሉ፤ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰውም ይህን ሲሰማ ቦታው ድሮ ጫካ እንደነበረና ጃርት እንደፈላበት ገምቶ ያልፋል። ግምቱ ግን ስህተት ነው። የሰፈሩ መሬት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጃርት ቢመጣ እንኳ ጉድጓድ የሚምስበት አያገኝም፤ እዚያው ተወልደው ካረጁት መካከልም ጃርት በዓይኑ በብረቱ ያየ አንድ ሰው የለም።

ከስሙ ይልቅ እንግዳን የሚያስደነግጠው ግን የሰፈሩ ሰዎች አቀማመጥ ነው። በጃርት ሰፈር ሰው ዝም ብሎ ዘጭ አይልም። ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት፣ ሽምግልናም ይሁን የወላጆች ስብሰባ፣ ሊቀመጥ ያለ ሰው ጎንበስ ይልና መቀመጫውን ሁለት ጊዜ በመዳፉ፣ ሦስተኛውን በእጁ ጀርባ መታ መታ ያደርጋል፤ ከአጠገቡ የተቀመጠው ሰው «አይወጋም» ይለዋል፤ ያን ጊዜ ይቀመጣል። «አይወጋም» የሚለው ሰው ከሌለ ቆሞ ይቆያታል እንጂ አይቀመጣትም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ከሌላ አገር ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች፣ ጋባዦቻቸው አሥር ሆነው አንድ ላይ ጎንበስ ብለው አግዳሚ ሲደበድቡ ቢያዩ ክው ብለው ቀሩና፣ ይህ ነገር ደግነት የለውም ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ ይባላል፤ ሠርጉም በዚያ ምክንያት ሁለት ወር ዘገየ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ሲባል ወጣቶቹ የመጣላቸውን ይናገራሉ። አንዳንዱ ጥንት በሰፈሩ ያለፈ አንድ መነኩሴ ያስተማረው ነው ይላል፤ አንዳንዱ በእባብ ዘመን የተጀመረ ጥንቃቄ ያደርገዋል፤ የእባብ ዘመን የሚባለው መቼ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ወደ ሌላ ወሬ ይዞራል። በዕድሜ የገፉት ይህን ሁሉ ሰምተው ከሳቁ በኋላ እውነቱን ያወጡታል፤ ያ ሁሉ የመጣው ከቴሌቪዥን ነው፣ እሱም ከፍራሽ ማስታወቂያ። መጀመሪያ ለሰማው ሰው ጆሮን የሚያስይዝ ነገር ነው። ሰው ስሙን ከአባቱ፣ ልማዱን ከአያቱ ሲወስድ እንጂ ከፍራሽ ማስታወቂያ ሲወስድ ማን ሰምቶ ያውቃል? ሆኖም የሆነው ይኸው ነው።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የተጀመረው በሰፈሩ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑ የእድሩ ዳኛ የጋሽ ላቀው ነበር። ጋሽ ላቀው ኮስታራና ሕግ የሚወዱ ሰው ቢሆኑም ስስታም አልነበሩም፤ አመሻሽ ላይ ቴሌቪዥኑን በመስኮቱ ደፍ ላይ ፊቱን ወደ ግቢ አዙረው ያስቀምጡታል፤ የእድሩ አግዳሚዎች ይደረደራሉ፤ ሰፈሩም ግልብጥ ብሎ ይመጣል። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ደመና የሚባል የስፖንጅ ፍራሽ ፋብሪካ ነበር። ከሰፈሩ ሴቶች እኩሌታው የሚሠሩት እዚያ ሲሆን፣ ሥራቸው የፍራሽ ልብስ መስፋት ነበር። አስካለ የምትባለውም ከእነዚህ አንዷ ናት።

አስካለ አጭር ነበረች። እጅግ ከማጠሯ የተነሳ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው ሳጥን ላይ ቆማ ነበር ይላሉ፤ ነገር ግን እንደ እጇ የፈጠነ በፋብሪካው አልነበረም። ባሏ አሰግድ የዚያው ፋብሪካ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የሚኖሩት ከእናቱ ከእማማ ስንዱ ጋር፣ በእማማ ስንዱ ቤት ነው። አሰግድ አንድ ቀን ጠዋት ፍራሽ ጭኖ ወጣና ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠ። ሰፈሩን በቁሙ ያደረቀው መሞቱ ብቻ አልነበረም። መቶ ፍራሽ የጫነ መኪና ነው፤ ፍራሾቹ በገደሉ ላይ ተበትነው ሣሩን ሸፍነውት ነበር፤ ሰውየው ግን ባዶው ድንጋይ ላይ ነው የወደቀው። ሬሳውን ሊያነሱ የሄዱት ወንዶች ይህን አይተው ተመልሰው ለሳምንት ያህል እህል በአፋቸው አልዞር ብሏቸው ነበር ይባላል።

እማማ ስንዱ ያለ አሰግድ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ከቀብር የተመለሱ ቀን ይጮሃሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ እንባ አልወጣቸውም። ነጋ፣ አልወጣቸውም። ሰልስቱ ወጣ፣ አርባው ወጣ፣ ዓይናቸው እንደ ደረቀ ቀረ፤ ንግግራቸውም ቆመ። ሴቶቹ እንባው ወደ ውስጥ ገባ፣ ይህ ነገር ሰው ይገድላል እያሉ ይንሾካሾኩ ጀመር። አሮጊቷ የሚበሉት አስካለ ስታጎርሳቸው ብቻ፣ የሚተኙት አስካለ እግራቸው ሥር ስትጋደም ብቻ ነበር። አስካለም እኔ ከተሰበርኩ እሳቸው በማን ይደገፋሉ ብላ የራሷን እንባ ዋጠችው። ቤት ውስጥ አላለቀሰችም፣ ፋብሪካም አላለቀሰችም፤ ከልዋን ለብሳ ትሠራለች፣ ከልዋን ለብሳ ትመለሳለች። ባሏን ቀበረች፤ ከዚህ በኋላ በዓለም ላይ የቀሯት እኚህ ሴት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ማጣት ደግሞ ከምንም በላይ ትፈራ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ፋብሪካው ሴቶች አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የፍራሽ መርፌ የልብስ መርፌ አይደለም፤ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ይሆናል። ሰፊ ሲቸኩል መርፌውን አግዳሚ ላይ ይረሳዋል፤ አንዲት ሴት እንዲህ በተረሳ መርፌ ላይ ተቀምጣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታነክስ ኖራለች። ከዚያ ወዲህ በስፌት አዳራሹ ማንም ሳይዳብስ አይቀመጥም ነበር፤ ሁለት ጊዜ በመዳፍ፣ መዳፋቸው ደግሞ በሥራ ብዛት ስለጠነከረ ሦስተኛውን በእጅ ጀርባ። ቀድማ የተቀመጠችውም አጠገቧ መርፌ አለመኖሩን አይታ «አይወጋም» ትላለች። ነገሩ ከዚህ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

አርባው በወጣ በቀናት ውስጥ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ኅሩይ ከዋና ከተማ አዲስ ሐሳብ ይዘው ተመለሱ። ፍራሹ አልሸጥ ብሎ መጋዘን ስላጣበበ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሊያሠሩ ነው፤ የማስታወቂያውም ባለታሪክ ጃርት ነው። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ሥራቸውን አቁመው ተያዩ። ጃርትና ፍራሽ ምን አገናኛቸው? ጃርት የተኛበት ፍራሽ የተቀደደ ፍራሽ አይደለም ወይ? አቶ ኅሩይ በትዕግሥት አስረዱ። ጃርቱ ምስኪን ነው፤ እሾሁ የነካውን ሁሉ ስለሚበሳ የሚያርፍበት አጥቷል፤ ጭድ ላይ ሲተኛ ጭዱ ይበተናል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ይቀደዳል፣ በመጨረሻ ግን ደመና ላይ ይተኛና በደስታ ይስቃል። ከዚያም አንድ ድምፅ «ደመና፣ እሾህ ያለበትም ያርፍበታል» ይላል።

የጃርቱን ልብስ እንድትሰፋ የታዘዘችው አስካለ ነበረች። ከስፖንጅ ቁርጥራጭ ገላውን ሠራች፤ የመጥረጊያ ጭራሮ ነጭና ጥቁር ቀለም ውስጥ እየነከረች እሾህ አደረገችለት። አንደኛው ዓይን ከሌላው በለጠባት፤ አፍንጫው ወደ ግራ ዘመመባት። ትልቁ ስህተቷ ግን ሌላ ነበር። የሚለብሰው ሰው ቁመት ይህን ያህል ነው ብሎ የነገራት አልነበረምና፣ ሰፊ ሁልጊዜ ልክ ሲያጣ እንደሚያደርገው በራሷ ገላ ላይ እየለካች ነው የቆረጠችው። አቶ ኅሩይ አልቆ ሲያዩት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፤ ግን ማስታወቂያውን በካሜራ የሚቀርጹት ቀራጮች በማግሥቱ ይመጡ ነበርና የሚደረግ ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ካሜራ የያዙ ሦስት ሰዎች ጃርት የሚሆነውን ተዋናይ ይዘው ደረሱ። ተዋናዩ ቁመቱ ከበሩ የሚተካከል፣ በቴአትር የታወቀ ሰው ነው አሉ። እግሩን ወደ ልብሱ ቢያስገባ ከጉልበቱ በታች ባዶ ቀረ፤ ራሱን ቢያጠልቅ የጃርቱ አንገት ተተረተረ። ቀራጮቹ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ሥራ ስለነበራቸው መኪናቸውን ሊያስነሱ ተነሱ። ያኔ አዳራሹ ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ወደ አስካለ ዞረ። አቶ ኅሩይም ዞሩ፤ ከልዋን አዩና አቀረቀሩ። ባሏ ከሞተ ሁለት ወር ያልሞላት ሴት የአውሬ ልብስ ለብሳ በቴሌቪዥን ትጨፍር ብሎ የሚያዝ አንደበት ከየት ይመጣል?

ቀጥሎ የሆነውን ሁለት ዓይነት አድርገው ያወሩታል። አንዳንዶች አቶ ኅሩይ ፋብሪካው መዘጋቱ ነው ብለው ለመኗት ይላሉ። አብረዋት የሠሩት ሴቶች ግን ማንም አልለመናትም፣ ራሷ ናት የተነሳችው ይላሉ። የጃርቱን ራስ አንስታ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ጨለማ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የገባን ፊት ማንም አያየውም። «ከዚህ አዳራሽ እንዳይወጣ» ብላ ጓደኞቿን አስማለችና ራሱን አጠለቀችው።

ውስጡ ይሞቃል፣ ማስቲሽ ይሸታል፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ግን ብቻዋን ስትሆን ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ሂጂ ሲሏት ሄደች፣ ውደቂ ሲሏት ወደቀች። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ ሲሏት እጇ ሳታዘው ወጣና ሁለት ጊዜ በመዳፉ፣ አንድ ጊዜ በጀርባው መታ መታ አደረገ። ቀራጮቹ በሳቅ ፈረሱ፤ በየመቀመጫው እየደጋገመች እንድታደርገው ነገሯት። በመጨረሻም ፍራሹ ላይ ተኝታ በደስታ እንድትስቅ፣ ትከሻዋንም እንድታርገፈግፍ አዘዟት። አስካለ በእጇ የሰፋችው ደመና ላይ ጋደም አለች። ገላዋ ስፖንጁን ሲነካ፣ ያን ቀን በገደሉ ላይ ተበትነው የነበሩት ፍራሾች ትዝ አሏት፤ ከእነዚያ አንዱ እንኳ ሰውየው ሥር አለመድረሱ ትዝ አላት። ሁለት ወር የታመቀው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ትከሻዋ ተርገፈገፈ፣ እሾሁ ሁሉ ተንኳኳ። ካሜራ የያዘው ሰው እንዲህ የሚስቅ ፍጡር አይቼ አላውቅም አለ። በቃ ቢሏትም ቶሎ አልተነሳችም። ጓደኞቿ ገብቷቸው ነበር። ራሱ ሲወልቅ ፊቷ ርሶ ቢያዩት ቀራጮቹ ላብ መሰላቸውና ውሃ ሰጧት፤ አመስግነዋትም ሄዱ።

ማስታወቂያው ወር ሳይሞላ ወጣ። ዜናው አልቆ በጋሽ ላቀው መስኮት ላይ ጃርቱ ብቅ ሲል ግቢው ተተራመሰ፤ ሕፃናት አግዳሚ ሥር ገቡ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ ይባላል። ከዚያ ግን ጃርቱ ወንበሩን መታ መታ ሲያደርግ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ ትከሻው ሲርገፈገፍ ግቢው ሁሉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። በሌላውም አገር እንዲሁ ነበር አሉ። ልጆቹ ጋሽ ጃርት ብለው ሰየሙት፤ ሴት ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ፍራሽ ለመግዛት ከሩቅ የሚመጣው ሰው ደመና የሚለውን ስም ረስቶ «የጃርቱን ስጡኝ» ይል ጀመር። በዚያው ሰሞን ስለ ሳሙና የሚዘፍኑ ቆነጃጅት ነበሩ፤ ስለ ዘይት የሚናገር፣ ሱፍ የለበሰ መልከ መልካም ሰውም ነበር፤ ዛሬ እነዚያን የሚያስታውስ አንድ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ያንን ዓይኑ የተበላለጠ፣ አፍንጫው የዘመመ ፍጡር ግን አገሩ ሁሉ እንደ ዘመድ ተቀበለው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ አሳዝኖን ነው ይላሉ፤ ያኔ ግን ያሳዘናቸው አይመስላቸውም ነበር፣ መሳቅ ብቻ ነበር።

አስካለ ያን ምሽት ከሰው ኋላ ቆማ ታይ ነበር። ፊቷ እንደማይታይ ታውቅ ነበር፤ እጇ እንደሚታይ ግን አላሰበችም። የምታየው የራሷን እጅ ነው። ሰፊዎቹ ሁሉ እንዲህ ቢዳብሱም የጃርቱን ያህል አጭር እሷ ብቻ ናት፤ ፋብሪካ ያልገባ ሰው እንኳ አንድ ቀን ስትቀመጥ ካያት ያውቃታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስካለ ሰው ባለበት መቀመጥ ተወች። ለቅሶ ቤት ትቆማለች፣ ሠርግ ቤት ታስተናግዳለች፣ ማኅበር ላይ ወጥ ትጨልፋለች፤ እግሯ እስኪያብጥ ትቆማለች። ሴቶቹም ምን ያለች ጨዋ ናት፣ በባሏ ሐዘን አረፍ ማለት እንኳ አልፈቅድ አለች እያሉ አመሰገኗት። ምስጋናው ከስድብ ይልቅ ያማት ነበር። ሐዘን ያቃለለ ሰው ከእድሩ ይሰረዛል፣ ሲሞትም ቀባሪ የለውም የሚለውን ሕግ የጻፉት ጋሽ ላቀው ራሳቸው ናቸው። እሱም ይሁን፤ እማማ ስንዱ ቢሰሙስ? ልጃቸው አፈሩ ሳይደርቅ ምራታቸው አገር እንዳሳቀች ቢያውቁ፣ ከማን እጅ ይጎርሳሉ?

እማማ ስንዱ ከቀብሩ ወዲህ ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሲሆኑ፣ በአንድ ምሽት የግቢው ሳቅ አጥር ተሻግሮ ቢሰማቸው የአስካለን ክንድ ይዘው ተነሱ። እሷም ደግፋ ወሰደቻቸው። ጃርቱ መጣ፤ ሁሉ ሳቀ፤ አሮጊቷ አልሳቁም። ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው አዩት። ጃርቱ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ትከሻው ሲርገፈገፍ በእማማ ስንዱ ጉንጭ ላይ አንዲት እንባ ወረደች። ጎረቤቶቹ ደነገጡ፤ ተመስገን፣ በሳቅ አነቡ ብለው ተቃቀፉ። ወደ ቤት ሲመለሱ አሮጊቷ ከወራት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ።

«ያ ፍጡር ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

አስካለ በሩን ከፍታ አስገባቻቸው። ከዚያ ወዲያ እማማ ስንዱ በየምሽቱ ለዚያች አንዲት ደቂቃ ይመጣሉ፣ ጃርቱን አይተው አንድ ሁለት እንባ ያወርዳሉ፣ ይመለሳሉ። ጥቂት በጥቂት መናገርም፣ በእጃቸው መጉረስም ጀመሩ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ጃርት ያዳናቸው መሰለው፤ አስካለ ግን አሮጊቷ በተሻላቸው መጠን ፍርሃቷ ጨመረ። የሚያድናቸውን ነገር እውነቱ ገልጦ ይወስድባቸዋል ብላ አመነች።

የአሰግድ ሙት ዓመት ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ የእድሩ አግዳሚዎች መጡ፣ ሰው ሞላ። አስካለ ከንጋት ጀምራ እንደ ልማዷ በእግሯ ስትዋከብ፣ ጋሽ ላቀው አስቆሟትና ዛሬ የሐዘኑ ባለቤት እሷ መሆኗን፣ በአማቷ አጠገብ መቀመጥ እንዳለባት በሚያከብር ቃል ነገሯት። ማምለጫ አልነበረም። እጇን ለመጠበቅ የነጠላዋን ሁለት ጫፎች በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ አግዳሚው ሄደች። ነገር ግን እግሯ ከጠዋት ጀምሮ ዝሎ፣ ልቧም ስለ ሌላ ነገር እያሰበ ነበር፤ ሊቀመጡ ሲጠጉ እጅ ለባለቤቱ አይነግርም። ነጠላው ወደቀ። ሁለት ጊዜ በመዳፍ፣ አንድ ጊዜ በጀርባ።

ከወዲያ ጥግ የተቀመጠች አንዲት የፋብሪካ ጓደኛዋ ሳታስበው «አይወጋም» አለች፤ ብላም አፏን በእጇ ከደነች። ግን ዘገየች። የጋሽ ላቀው የልጅ ልጅ፣ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ከእናቷ ጭን ላይ ተነስታ ቆመች።

«ጋሽ ጃርት እሷ ናት» አለች።

ጉርሻ በመንገድ ላይ ቀረ፤ የቄሱ መስቀል የያዘ እጅ በአየር ላይ ቆመ። ልጆች ሁሉ የጃርቱን መታ መታ ይኮርጁ ነበር፣ ስለዚህ አስካለ ልጅነት ነው ብላ ብታልፈው ያልፍላት ነበር ይላሉ። እሷ ግን ዘወር ብላ እማማ ስንዱን አየች፤ አሮጊቷም አዩዋት፤ መዋሸት አልቻለችም። ጋሽ ላቀው ተነስተው እውነት እንደሆነ ጠየቋት፤ እውነት ነው አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ። በባሏ ሐዘን! አርባው በወጣ በቀናት! አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዷ ጆሮዋን ያዘች። ለአሥር ወር ጨዋ እያሉ ያመሰገኗት ሴቶች በጣም አፈሩ። ጋሽ ላቀው ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር፤ ያንን ጃርት በየምሽቱ በገዛ መስኮታቸው ለሰፈሩ ያቀረቡት እሳቸው ናቸውና።

«ባልሽ አፈሩ ሳይደርቅ» አሉ፣ «አንቺ ትስቂ ነበር?»

«አልሳቅሁም ጋሼ» አለች አስካለ። «ሳለቅስ ነው የቀረጹኝ።»

ያን ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያንን የሚርገፈገፍ ትከሻ በዓይነ ሕሊናው አየው ይባላል። አሥር ወር ሙሉ በየምሽቱ ተሰብስበው፣ በእድሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ባሏ በሞተባት ሴት ለቅሶ ላይ ሲስቁ ከርመዋል። ሆዳቸውን ይዘው፣ ድገሙልን እያሉ። ሐዘን ያቃለለ ከእድር ይሰረዝ ከተባለ በዚያ ድንኳን ውስጥ ስሙ የሚቀር አንድ ሰው አልነበረም፣ ዳኛውም ጭምር።

አንድ ሰው ግን ነበረ። እማማ ስንዱ አልሳቁም ነበር።

አሮጊቷ ቀና አሉ።

«እኔስ አብሮኝ የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ስመላለስ ከረምኩ» አሉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው በዚያ ባረጀ እጃቸው ከጎናቸው ያለውን አግዳሚ ሁለት ጊዜ በመዳፋቸው፣ ሦስተኛውን በእጃቸው ጀርባ መታ መታ አደረጉት። «አይወጋም። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

አስካለ ተቀመጠች፤ ራሷን ጭናቸው ላይ ደፋች፤ ትከሻዋ ያው አገር እንደሚያውቀው ተርገፈገፈ። የሳቀ አልነበረም። እማማ ስንዱም ያን ጊዜ፣ ልጃቸው በሞተ በዓመቱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ ድንኳኑም ተከተላቸው፤ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ዛሬ ገና የሞተ ሰው አለ ብሎ ቆሞ ጠየቀ ይባላል።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሰዉ ወደ መቀመጫው ሊመለስ ተነሳሳ። ጋሽ ላቀው ግን አልተቀመጡም። ወደ እማማ ስንዱ ሄደው ጎንበስ አሉና ፊት ለፊታቸው ያለውን አግዳሚ ሁለት ጊዜ በመዳፋቸው፣ አንድ ጊዜ በእጃቸው ጀርባ መቱ፤ መትተውም ቆመው ጠበቁ። የእድሩ ዳኛ፣ ሕግ ጻፊው ሰውዬ፣ በሕዝብ ፊት። እማማ ስንዱ ቶሎ አልመለሱላቸውም፤ አንዳንዶች እንደሚሉት ቄሱ ውዳሴ እስኪያደርሱ ድረስ አቁመዋቸዋል። በመጨረሻ «አይወጋም» አሏቸው፣ ተቀመጡ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውም እንደዚሁ አደረገ፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውም። ያን ቀን በዚያ ድንኳን ሳይጠይቅና ሳይፈቀድለት የተቀመጠ አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህም በሰፈሩ የለም።

ፋብሪካው በኋላ ሌላ ጃርት ሊያመጣ ሞክሮ ነበር። አዲሱ ልብስ ዓይኑ የተስተካከለ፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ ነበር፤ የለበሰውም ሰው በደንብ አድርጎ ሳቀ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ይህ እሱ አይደለም ብለው ቴሌቪዥኑን ወደ ቤት እንዲያስገቡት ጋሽ ላቀውን ጠየቋቸው። ደመና ዛሬ የለም፤ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆኗል። በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ግን አንድ ዓይኑ የበለጠ ጃርት ቀለሙ ለቆ አሁንም ይታያል፤ ሥሩ የነበረው ጽሑፍ ጠፍቶ ምን ይሸጥ እንደነበር ልጆቹ አያውቁም። እማማ ስንዱም ጋሽ ላቀውም አርፈዋል።

አስካለ አለች። አርጅታለች፣ ከቀድሞውም አጥራለች፤ ለቅሶ ቤት ስትመጣ ልጅ እየደገፋት ነው። በጃርት ሰፈር ሳይዳብስ የሚቀመጥ ሰው አንድ አለ ቢባል እሷ ናት። ከበር ብቅ ስትል፣ ገና ሳትደርስ፣ ከተቀመጡት አንዱ ተነስቶ አግዳሚውን ሁለት ጊዜ በመዳፉ፣ አንድ ጊዜ በእጁ ጀርባ ይመታላታል፤ ቤቱም ሁሉ በአንድ ድምፅ «አይወጋም» ይላታል።